የአያ ፈንታ ድምፅ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። እህቴ ሰዓዳ ግማሹን ታውቃለች፤ እሱንም ያወቀችው እኔ ነግሬያት ሳይሆን ጆሮዋ ነግሯት ነው። ሌላውን ግማሽ፣ የሚያሳፍረውን ግማሽ፣ ከፈጣሪና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ብዙ ጊዜ ልጽፈው ተቀምጬ ትቼዋለሁ፤ ገና ሁለት መስመር ሳልሄድ ራሴን ደግ ሰው አድርጌ መሣል ስለምጀምር ነው። ዛሬም እንደዚያ ሳደርግ ካያችሁኝ አትመኑኝ።

ስለዚህ ጥፋቱን ከፊት ላስቀምጠው። የአንድ ሰው ድምፅ ሰረቅሁ። ድምፁን የከተማ መሳቂያ አደረግሁት። ሰውየው አጥፋልኝ ብሎ ሲለምነኝ አጠፋሁለት። ከዚያ መልሼ አስገባሁት። ልመናውን ሰምቼ፣ ፊቱን አይቼ፣ መልሼ አስገባሁት።

የአባቴ ሱቅ ጎንደር መናኸሪያው አጠገብ፣ ከመኪና መውጫው ፊት ለፊት ነበር። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አያቴም ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ብርድ ልብስ፣ ሻሽ፣ ጃኬት፣ ለገጠር ሠርግ የሚሆን ኮትና ሱሪ እንሸጣለን። እኔ ኮምፒውተር ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ ከባንኮኒው ኋላ የተቀመጥሁ ልጅ ነበርሁ። ጊዜው በጣት የሚነካ ስልክ ከነጋዴው ኪስ አልፎ ተማሪውም ረዳቱም እጅ መግባት የጀመረበት ነው።

እኔ ደግሞ ሰው የማያውቅልኝ አንድ አመል ነበረኝ። የሞባይል ጨዋታ እሠራ ነበር። እጫወት ነበር አላልሁም፤ እሠራ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አይከፍለኝም። ከጓደኞቼ በፍላሽ ከገለበጥኋቸው የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ብቻዬን ተማርሁ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ላፕቶፔን ብርድ ልብሱ ክምር ላይ አስቀምጬ ኮድ እጽፋለሁ፣ ሥዕል እሥላለሁ፣ አልሠራ ያለውን አፈርሼ እንደገና እገጥማለሁ። መብራት ሳይነግር ይሄድና ልፋቴን ይዞብኝ ይሄዳል። ግን በእጄ የሣልኋት ነጭ ሚኒባስ ጣቴን ተከትላ ስልኩ ላይ ስትንቀሳቀስ ያየሁ ዕለት፣ ደንበኛ ፊት ብድግ ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ሰውየው የብርድ ልብስ ዋጋ ጠይቆኝ ነበር፤ መልስ አጥቶ ሄደ።

አባቴ አንድ ቀን በትከሻዬ በላይ አሻግሮ ተመለከተና፣ «ጨዋታ መጫወቱስ የልጅ ነገር ነው እንበል፤ ቁጭ ብሎ ጨዋታ መሥራት ግን ምን የሚሉት ነው?» አለኝ። ያን ጊዜ ወሰንሁ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ስሜን አልጽፍበትም። የተደበቅሁት ከአባቴ ነበር። በኋላ ግን መደበቂያው ለሌላ ነገር ጠቀመኝ።

ጨዋታው ከሱቃችን በር ላይ ሆኜ በየቀኑ የማየው ነገር ነበር። ተጫዋቹ መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ ጠሪ ነው። ሰው በመንገዱ ያልፋል፤ በጣቱ እየጎተተ ሚኒባሷ ውስጥ ያስገባል። ፊሽካው ሳይነፋ ከሞላ አሸነፈ፤ ካልሞላ መኪናዋ ጥላው ትሄዳለች። ስሙንም ጠሪዎቹ ከሚጮኹት ወስጄ «አንድ ሰው የቀረው» አልሁት። የጎደለው ድምፅ ብቻ ነበር።

ከጠሪዎቹ ሁሉ የሚታወቀው አያ ፈንታ ነው። የወገራ ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ካፖርት የማይለየው። አያ ፈንታ ተብታባ ነበር። ሰላም ሊለኝ ሲፈልግ ስሜ አፉ ውስጥ ይታሰርበታል፤ «ጀ... ጀ... ጀ...» ይልና ጭኑን በመዳፉ መታ ሲያደርግ «ጀማል» ይወጣለታል። ይኸው ሰው ታዲያ ወደ መኪናው በር ዞሮ ሲጣራ፣

«አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ! አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው የቀረው!»

እንደ ዘፈን ይፈስለታል። አንዲት ፊደል አትደናቀፍበትም።

አንድ ቀን ዝናብ ይዞት ሱቃችን ደጃፍ ተጠልሎ ሳለ ነገሩን ጠየቅሁት። እየቆመ፣ እንደገና እየጀመረ፣ አጫወተኝ። አገሩ ላይ ከወንድሙ ጋር በመሬት ተካስሶ ነበር። ዳኛው «በል ተናገር» ሲለው ምላሱ ተያዘ። ወንድሙ ተናገረ፤ እሱ ቆሞ ላቡን ጠረገ፤ መሬቱ ሄደ። ጎንደር የመጣው ለቀን ሥራ ነው። አንድ ቀን የታመመ ጠሪ ተክቶ ሲጮኽ ግን ምላሱ እንዳልተያዘ ልብ አለ። «ስ... ስጣራ ጊዜ ምላሴ መንገድ ያገኛል» አለኝ። «እግዜር ሲከፍት እንዲህ ነው። ሸ... ሸጋ ነው።»

ይህን ነግሮኛል። ይህን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ለአያ ፈንታ ያ ጥሪ መሬቱ እንደሆነ፣ ሌላ መሬት እንደሌለው፣ ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ።

በአንድ የገበያ ቀን የመናኸሪያውን ሁካታ ልቀዳ ስልኬን ይዤ በራችን ላይ ቆምሁ። አንዲት የገጠር እናት ሕፃኗን ሚኒባሱ መቀመጫ ላይ አስቀምጣ፣ መሬት የቀረ ዕቃዋን ልታነሳ ወረደች። ረዳቱ አላያትም። በሩን ዘጋው፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ሕፃኑ ውስጥ፣ እናቱ ውጭ። ከሁሉ ቀድሞ ያየው አያ ፈንታ ነው። እየሮጠ «ቁ... ቁ... ቁ...» አለ። ቃሉ አልወጣ አለው። ካፖርቱ እየተውለበለበ፣ ጭኑን እየደበደበ፣ «ቁ... ቁ... ቁ... ቁም!» መኪናው መውጫው ላይ ቆመ። ሕፃኑ ለእናቱ ተሰጠ። እናቲቱ አያ ፈንታ እግር ላይ ወደቀች፤ እሱም አፍሮ ብብቷን ይዞ አነሳት።

እኔ ግን ወደ ውስጥ ገብቼ የቀዳሁትን በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ቅጂው ላይ ሕፃን የለም። እናት የለችም። ያለው «ቁቁቁቁም!» ብቻ ነው። ሳቅሁ። ባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብዬ፣ አባቴ እንዳያየኝ አፌን ይዤ፣ ሳቅሁ። ተጫዋቹ ተሸንፎ መኪናዋ ጥላው ስትሄድ የሚሰማውን ድምፅ አገኘሁ አልሁ። በዚያው ዕለት ቆርጬ አስገባሁት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያጫወትኋት ሰዓዳን ነው። ያን ጊዜ ገና አላገባችም ነበር። ጨዋታው ደስ ብሏት እየሳቀች ሄደች ሄደችና ተሸነፈች። ድምፁ ወጣ። ሳቋ ቆመ።

«ይህ አያ ፈንታ አይደለም እንዴ?»

«ቢሆንስ? ማን ያውቀዋል? ድምፅ እኮ ነው።»

«እኔ አወቅሁት» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ። «ነውር ነው ጀማል። አውጣው።»

እሺ አልኋት። አላወጣሁትም። ከዚያ በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ሠርጓ ደርሶ ኮላ ድባ ገባች። እሺ ያልሁትን እንደ ፈጸምሁ ይመስላታል፤ ወይም ባይመስላትም እንደ መሰላት ሆና ትኖራለች። የእሷ ግማሽ ይኼ ነው።

መናኸሪያው ጥግ ቢኒያም የሚባል ልጅ ሜሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭንበት ጠባብ ሱቅ ነበረው። «ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋታ ነው» ብዬ ሰጠሁት። በፈጠራ ስምም ኢንተርኔት ላይ ጫንሁት። ከዚያ የሆነውን አልጠበቅሁም። ተማሪው ከተማሪ በብሉቱዝ ተቀባበለው። ረዳቶቹ ያዙት። ኢንተርኔቱ ላይ ከማላውቃቸው አገሮች አስተያየት ይጻፍልኝ ጀመር። አንዷ ከጅዳ፣ «አገሬ መናኸሪያ የቆምሁ መሰለኝ፤ ቁቁቁም ሲል በሳቅ ሞትሁ» ብላ ጻፈች። ያንን ስንት ጊዜ አነበብሁት! ሥራ ያጣ፣ አባቱ የሚታዘበው ልጅ ነበርሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሠራሁት ነገር ሰው ሳቀ፤ ደስ አለው፤ «ሌላም ሥራልን» አለ። የሳቁበትን ነገር ግን እኔ አልሠራሁትም። የአያ ፈንታ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ፣ ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ረዳቶቹ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ቁቁቁም!» ይሉት ጀመር። መጀመሪያ እሱም አብሮ ሳቀ። የሠፈር ልጅ ቀልድ መስሎታል። እውነቱን ያወቀበትን ሰዓት እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ተማሪ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ መኪና እስኪሞላ ይጫወት ነበር። ተሸነፈ፤ ድምፁ ወጣ። አያ ፈንታ ማን እንደ ጠራው ለማየት ዞረ። ማንም የለም። ልጁ እንደገና ተሸነፈ። አያ ፈንታ ቀስ ብሎ መጥቶ ከልጁ በላይ ቆመና ስልኩን ቁልቁል ተመለከተ። የራሱ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ብርሃን ውስጥ እየወጣ ይንተባተባል። ልጁ ቀና ብሎ አየውና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። አያ ፈንታ አልተቆጣም። የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሞቃት ቀን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው ጥሪው የተበላሸው። አንድ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ሰማሁ። «አም... አም... አም...» ቆመ። እንደገና ጀመረ። «አም... አም...» ተሳፋሪዎቹ ተያዩ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጸው ደገነው። ከጎኑ ያለው ጠሪ ጥሪውን ከአፉ ነጥቆ ጨረሰለት። ሲጣራ እንኳ መንገድ ያገኝ የነበረ ምላስ መንገዱ ተዘጋበት። ማን ዘጋው? እኔ ነኝ። በየሠፈሩ የሳቁት ልጆች አይደሉም። ስቀው ያለፉት እኔ የሰጠኋቸውን ነው።

አባቴ ለዙህር ሶላት መስጊድ በሄደበት ሰዓት አያ ፈንታ ወደ ሱቁ ገባ። ደንበኛ አልነበረም። ባንኮኒውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጀ... ጀ... ጀማል። አንተ ኮ... ኮምፒውተር ታውቃለህ አሉኝ። ይህን ነገር ከ... ከሰው ስልክ ማውጣት ይቻላል?»

«የትኛውን?» አልሁት። የትኛውን! እንዲህ ነው ያልሁት።

«ድ... ድምፄን።» ወለሉን እያየ፣ «ምነው? ም... ምን በደልኋቸው? እዚያ ላይ እኮ ሕ... ሕፃን ነበር። ሕፃን ይዞ ሊሄድ ነበር እኮ ጀማል። እሱን አይሰሙትም?»

ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። ሱቁ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። «እኔ ነኝ፣ አያ ፈንታ» የሚለው ዐረፍተ ነገር አጭር ነው። በጥፊ ቢመታኝ፣ አባቴ ቢሰማ፣ መናኸሪያው ቢሰበሰብ፣ ምን እሆን ነበር? እኔ ግን «አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ናቸው የሠሩት። እኔ እጽፍላቸዋለሁ» አልሁት። እጄን ይዞ ሳመው። አንድ ትልቅ ሰው የእኔን እጅ ሳመው፤ እኔም አልነጠቅሁትም።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሳምንት አዝኛለሁ። ድምፁን አወጣሁት። በምትኩ የመኪና ጥሩንባ አስገባሁና አዲሱን ጨዋታ ኢንተርኔት ላይ ጫንሁት፤ ለቢኒያምም «የድሮው ተበላሽቷል፣ ይህን ጫንላቸው» ብዬ ሰጠሁት። አሮጌው በየሰው ስልክ ቢኖርም፣ ቀስ በቀስ ይጠፋ ነበር። ለአያ ፈንታም «ጻፍሁላቸው፣ እሺ አሉ» አልሁት። በማግሥቱ በፌስታል የወገራ ገብስ ቆሎ ይዞልኝ መጣ። ጥሪውም እየተመለሰለት ነበር። ሁሉም ቀን አይደለም፤ ግን አንዳንድ ጠዋት «አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት» ድረስ ሳይደናቀፍ ይሄድለት ነበር። ከሱቄ ሆኜ እሰማዋለሁ። ደስ ይለኛል። በራሴም እኮራለሁ፤ ሌባ የሰረቀውን መልሶ በራሱ እንደሚኮራ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ቢኒያም አንድ ቀን ሻይ ሊጠጣ ሲያልፍ፣ «ያ የሰጠኸኝ አዲሱ ሬሳ ነው» አለኝ። «ያ ቁቁቁም የታለ? ሰው የሚጠይቀኝ የድሮውን ነው።» ኢንተርኔቱ ላይም ሰዎች ይቆጡ ጀመር። ለምን አወጣችሁት? ጨዋታውን ገደላችሁት። ያቺ የጅዳዋ ልጅ ሳትቀር፣ «አሁንስ አላስቀኝም» ብላ ጻፈች። አዲስ የሚያወርደው ሰው ጠፋ። በየቀኑ እየከፈትሁ አያለሁ፤ ምንም የለም። መናኸሪያ ውስጥ ልጆቹ ወደ ሌላ ጨዋታ ዞሩ። እንደገና ሥራ ያጣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሆንሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላፕቶፔን ከፍቼ ድምፁን መለስሁት። ከባድ ሥራ አልነበረም። ፋይሉን አልጣልሁትም ነበር፤ ለምን እንዳልጣልሁት እግዜር ይወቀው። አሮጌው በሰው ስልክ ላይ ስላለ ምንም አይለውጥም አልሁ። አያ ፈንታ አሁን ተሽሎታል አልሁ። ይለምደዋል አልሁ። እነዚህን ሁሉ ለራሴ ስናገር፣ በበሩ በኩል ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ ዳባት፣ ደባርቅ ይላል። እሱ እየተጣራ ነው እኔ የመለስሁት። መጀመሪያ ሳስገባው ቀልድ መስሎኝ ነበር ብል ግማሽ እውነት ይሆናል። ሁለተኛውን ግን በምን ላመካኘው? ማንም ብር አልሰጠኝም። አያ ፈንታን የሸጥሁት በማላውቃቸው ሰዎች ሳቅ ነው።

አያ ፈንታ መጣ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«መ... መለሱት እኮ።»

«እምቢ አሉኝ» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀ። ሊያጽናናኝ ይመስል፣ «ም... ምን ታደርግ። አንተስ ለፍተሃል» አለና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በየቀኑ ከበራችን ላይ ሆኜ አየሁት። ጥሪው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። አፉን ሲከፍት ሰው አስቀድሞ ይስቃል። ሹፌሮቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አንደኛው ትከሻውን ይዞ፣ «አያ ፈንታ፣ አትቀየመን። ሰው ቆሞ ይስቃል እንጂ አይገባም፤ መኪናው አይሞላም» ሲለው ሰምቻለሁ። አያ ፈንታ ጥቂት ቀን ጭነት ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ራሱ ይጠራው በነበረው መኪና ተሳፍሮ ወደ አገሩ ሄደ። ሱቃችን ፊት ሲያልፉ በመስኮት እጁን አነሳልኝ። ስሜን ሊጠራ አልሞከረም።

ጨዋታውስ? ዓመት እንኳ አልቆየም። ሰው ሰለቸው። አንድ ቀን ከኢንተርኔት ላይ አጠፋሁት፤ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። አንድን ሰው ከሥራው፣ ከከተማው ያስወጣሁት ለዚህ ነው።

በሌላው ዓመት አባቴ ብርድ ልብስ ለነጋዴ እንዳደርስለት ወደ አያ ፈንታ አገር፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ላከኝ። ራሴ ነኝ ልሂድ ያልሁት። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን እያጠናሁ ሄድሁ። አያ ፈንታን ጠይቄ ወፍጮ ቤት አገኘሁት። እህል ተሸክሞ ያስገባል፣ ዱቄት ተሸክሞ ያወጣል። ሞተሩ ስለሚጮኽ ማንም ማንንም አያናግርም፤ ሁሉም በእጅ ይግባባል። ለምን ያንን ሥራ እንደ መረጠ ሳይነግረኝ ገባኝ። ሲያየኝ ፊቱ በዱቄት ነጥቶ ሳለ በራ። እጄን ይዞ ወደ ቤቱ ወሰደኝ።

ባለቤቱ እትዬ ጥሩ ይባላሉ። አያ ፈንታ እያያዘው፣ እየታገለ፣ ነገራቸው። «ይኼ ነው ጀ... ጀማል። ያ ለ... ለፍቶልኝ ነበር ያልሁሽ።»

እትዬ ጥሩ ሁለት ጉንጬን ሳሙኝ። ሙስሊም መሆኔን ስላወቁ፣ «ሥጋ የነካው አይደለም ልጄ፣ አትስጋ፤ ድንችና ሽሮ ነው» ብለው አቀረቡልኝ። በላሁ። አያ ፈንታ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንጀራውን ወደ እኔ ይገፋል። እየበላሁ፣ አሁን እናገራለሁ፣ ይህን ጉርሻ ልዋጥና እናገራለሁ እላለሁ። እትዬ ጥሩ ግን ቀደሙኝ።

«ያንን ያደረገው ሰው» አሉ፣ «የዚህን ምስኪን ድምፅ የወሰደ ሰው፣ ተጣርቶ የሚሰማው ይጣ! ልጁን ጠርቶ ልጁ አይስማው! አሜን በል እንጂ ልጄ።»

አሜን አልሁ። በእጄ እንጀራቸውን ይዤ፣ በራሴ ላይ አሜን አልሁ።

አያ ፈንታ እጁን አነሳ። «አ... አትራገሚ» አላቸው። «ል... ልጅ ይሆናል። የልጅ ነገር ነው። ሳ... ሳያውቅ ነው።»

ከዚያ በኋላ መናገር አልቻልሁም። እንዳልችል ያደረገኝ ምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። እርግማኑ አይደለም፤ እርግማኑን ተቀብዬዋለሁ። «ሳያውቅ ነው» ማለቱ ነው። ብናገር ያንን ላነሳበት ነው። እሱ «የበደለኝ ሰው ሳያውቅ ነው» ብሎ ያረፈበትን ነገር ከሥሩ ልነቅልበት ነው። ይህን ምክንያት ለራሴ ስሰጥ ሸጋ ይመስላል፤ ለእሱ አዝኜ ዝም ያልሁ ይመስላል። አትመኑኝ ብያችኋለሁ። የፈራሁት ለራሴ ነው። በዚያ ቤት የለፋው ልጅ መሆን ጣፍጦኝ ነው። ስወጣ መረቁኝ፤ ሁለቱም ቆመው መረቁኝ፤ ምርቃቱንም ይዤ በመጨረሻው መኪና ጎንደር ገባሁ።

ስልክ ቁጥሬን ወስዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየኢዱ ይደውልልኛል። ክርስቲያኑ ሰው፣ የእኔን በዓል ከመናኸሪያ ሰው ጠይቆ አውቆ፣ አምባ ጊዮርጊስ ከወፍጮው ራቅ ብሎ ቆሞ ይደውላል። ስልክ ላይ ከፊት ለፊት ይልቅ ይከብደዋል፤ እኔም እጠብቀዋለሁ። «እን... እን... እንኳን አደረሰህ» እስኪል ድረስ ቤተሰቤ ማዕዱ ላይ ይጠብቀኛል፤ አግብቼ የወለድሁት ልጄም ልብሴን ይጎትታል። አባቴ፣ «ማነው ይህ የማይናገር ሰው?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። «የድሮ ደንበኛችን ነው» አልሁት።

ባለፈው ኢድ ጀምሬ ነበር። «አያ ፈንታ» አልሁት፣ «አንድ የምነግርህ ነገር አለ።» ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ቃል አልወጣ ያለውን ሰው መጠበቅ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጠበቀኝ። እኔም፣ «ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ነው?» አልሁት።

በእኛ ሃይማኖት የሰው ሐቅ የሚባል ነገር አለ። በፈጣሪ ላይ ያጠፋኸውን ፈጣሪ ይምርሃል፤ በሰው ላይ ያጠፋኸውን ግን ባለቤቱ ራሱ አውፍ ካላለህ፣ ይቅር ካላለህ፣ ከአንገትህ አይወርድም። እናንተ ይህን ያነበባችሁ ሰዎች የሐቁ ባለቤቶች አይደላችሁም። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ከእናንተ ውስጥ ልቡ የራራልኝ ቢኖርም እንደ ይቅርታ አልወስደውም። ለእናንተ መንገሬም ለእሱ እንደ መንገር አይቆጠርልኝም፤ ይህን ጽፌ ስጨርስ ቀለል ካለኝ ያም ሌላ ስርቆት ነው። አያ ፈንታ እስካሁን በሕይወት አለ። ስልኩ አለኝ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ከመናኸሪያው በር ላይ መኪናው በየቀኑ ይነሳል። ያልሄድሁት እኔ ነኝ። እሱ አንድ ልጅ ሳያውቅ አደረገው ብሎ ይኖራል። እኔ ግን አውቄ ነው ያደረግሁት።